የጣና ዳር ትልና የሰውነት ዘበኛ

ጣና፣ ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፣ ገዳማቱንና ጥንታውያን መጻሕፍቱን በደሴቶቹ ላይ ታቅፎ የዓባይ መነሻ የሆነ ሐይቅ ነው፤ ነገር ግን ከባሕር ዳር እስከ ዘጌ፣ እስከ ጎርጎራም ድረስ በዳርቻው ልብስ የሚያጥበው፣ ዓሣ የሚያሰግረው፣ በደንገል ታንኳ የሚቀዝፈው ሕዝብ ከዚሁ ውሃ ቢልሃርዚያ የተባለውን ደዌ ሲቀበል መኖሩ በሐኪሞች ዘንድ የታወቀ ነው። ደዌውን የሚያመጣው ትል እንቁላል ያለበት ሰገራ ወደ ውሃ ሲገባ፣ ከእንቁላሉ የሚወጣው ፍጡር በቀንድ አውጣ አካል ውስጥ ይበዛል፤ ከዚያም ወጥቶ በውሃው የቆመውን ሰው ቆዳ በደቂቃዎች ውስጥ በስቶ ይገባና በአንጀትና በጉበት የደም ሥሮች ለዓመታት ይኖራል። ይህ ቀንድ አውጣ በእንዶድ እንደሚሞት እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ያስተዋሉት የዶክተር አክሊሉ ለማ ስም በዚህ ነገር ሁልጊዜ በምስጋና ሊነሣ ይገባዋል።

ዛሬ ላነሣው የወደድሁት ግን ትሉ ለሌላ ጠላት፣ ለቫይረስ፣ በር ይከፍት እንደሆነ ነው።

የሰው ሥጋ ሁለት ዓይነት መከላከያ አለው፤ አንደኛው ይዞት የሚወለደውና ባዕድ የሆነውን ሁሉ ወዲያው የሚገጥመው ሲሆን፣ ሁለተኛው ጠላቱን ለይቶ የሚያውቅና የሚያስታውስ፣ ለመሰናዳት ግን ቀናት የሚፈጅ ነው። የፊተኛው ወገን ሕዋሳት ቫይረስ ሲገባ ኢንተርፌሮን የተባለውን ንጥረ ነገር አፍልቀው ጎረቤቶቻቸውን ያስጠነቅቃሉ፤ ትል ሲገባ ደግሞ የተለየ ምልክት ያሰማሉ፤ ትሉም ለዓመታት የሚቆይ ስለሆነ ሠራዊቱ ሌሊቱን ሁሉ ውሻ እንደጮኸበት ዘበኛ ዕረፍት አጥቶ ይኖራል። ኤች አይ ቪ ከሁሉ ይልቅ የሚራባው ሲዲ 4 በሚባሉት፣ ለውጊያ በተነሡት ነጭ የደም ሕዋሳት ውስጥ ስለሆነ፣ ይህ ሁኔታ ለእርሱ የተመቸ ነው።

ይህን አሳብ ያጠኑት ሊቃውንት ብዙ ማስረጃ ያገኙት ከእኛው ሕዝብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 የተመሠረተው የኢትዮጵያና የሆላንድ የኤድስ ምርምር ፕሮጀክት በጤነኞች ኢትዮጵያውያን ደም ውስጥ የሲዲ 4 ቁጥር ከሆላንዳውያን ያነሰ መሆኑን አሳየ፤ ተመራማሪው ዝቪ ቤንትዊችና ባልደረቦቻቸውም ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል የገቡትን ቤተ እስራኤላውያን መርምረው፣ መከላከያቸው ያለ ዕረፍት የተነሣሣ መሆኑንና ትሉ ሲታከም እንደሚረጋ ጻፉ። ሐኪሙና ተመራማሪው ዶክተር ዳዊት ወልዳይ ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጡት ጥናት፣ ቫይረሱና የአንጀት ትል አብረው ባሉባቸው ኢትዮጵያውያን ላይ የትሉ ብዛት ከቫይረሱ ብዛት ጋር እንደሚያያዝ፣ ትሉ በሕክምና ሲጠፋም የቫይረሱ መጠን እንደሚቀንስ አመለከቱ። የእነዚህን የአገራችን ሐኪሞች ሥራ ከፍ አድርጌ እመለከታለሁ፤ በሌላ አገር ሰው ደም የተለካውን ሚዛን እንዳለ ሳይቀበሉ የራሳቸውን ወገን ደም መርምረዋልና።

ነገሩ ግን በዚህ አልተቋጨም፤ በኬንያ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ሰፊ ጥናት የትል መድኃኒት ብቻውን የኤች አይ ቪን ግስጋሴ እንደማያዘገይ አሳይቷል። ቫይረሱን የሚገታው እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ በአገራችን በነፃ የሚሰጠው የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ነው፤ ፓትርያርክ የነበሩት ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስም እ.ኤ.አ. በ2007 ጸበልና መድኃኒት እንደማይቃረኑ ለምእመናን አስተምረዋል። ስለዚህ በጣና ዳር የምትኖሩ ወገኖቼ፣ መድኃኒታችሁን ከመውሰድ ሳታቋርጡ ሰገራችሁን በጤና ጣቢያ አስመርምሩ፤ ሐይቁንም ከሰገራ ጠብቁት።