እስከ ሐሙስ አትምጣ

ሐምሌ ላይ ሰማዩ ሲጠቁር ስልኬ ዕረፍት የለውም። ከባድ ዝናብ ከሳተላይት የሚወርደውን ሞገድ ያደክመዋል። ምስሉ መጀመሪያ ይቆራረጣል፣ ከዚያ ድምፁ ይጠፋል፣ በመጨረሻ «ሲግናል የለም» የሚል ጽሑፍ ብቻ ይቀራል። እኔ ዲሽ ሠሪ ነኝ። ከአያት እስከ ሰሚት ባሉት ኮንዶሚኒየሞች ጣሪያ ላይ ስወጣ ስወርድ አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ። በዚህ ሁሉ ጊዜ «ዜና አመለጠን» ብሎ የደወለልኝ ሰው በጣት ይቆጠራል። ድራማቸው ሊጀምር ሩብ ሰዓት ሲቀረው የሚደውሉልኝ ግን ስፍር ቁጥር የላቸውም፤ ድምፃቸውም ቤት ውስጥ በሽተኛ ይዞ ሐኪም የሚጣራ ሰው ድምፅ ነው።

2009 ዓ.ም. ላይ አያት አንድ ቤት ተጠርቼ ሄድኩ። እኔ ጣሪያ ላይ ዲሹን አዞራለሁ፣ አንድ የአሥር ዓመት ልጅ በረንዳ ላይ ቆሞ እናቱ ከሳሎን የምትለውን ያቀብለኛል። «መጣ!» ይላል፤ «ሄደ! ትንሽ መልሰው!» ይላል። ድንገት ዝም አለ። ጠራሁት፣ መልስ የለም። ብሎኑን እንደያዝኩ ጠበቅኩ፣ አሁንም ዝም። የሆነ ነገር ደርሶባቸው ይሆን ብዬ ደረጃውን ሮጬ ወረድኩ። ሳሎን ስገባ ምስሉ ጥርት ብሎ መጥቷል። እናትየዋ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ እንባዋ ይወርዳል፣ ጎረቤቷ ትራስ አቅፋለች፣ ልጁ ምንጣፉ ላይ ቁጭ ብሎ አፉን ከፍቷል። ጣሪያ ላይ መሆኔን ሁሉም ረስተውታል። ስክሪኑ ላይ አንዲት ቱርካዊት በአማርኛ ታለቅሳለች።

«ጥቁር ፍቅር» ነበር። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ሥራ ሲጀምር የውጭ ተከታታይ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ይዞ መጣ፤ መርማሪ ፖሊሱ ኦመርና ኤሊፍም በየቤቱ ገቡ። ያኔ የአገራችን የኪነ ጥበብ ባለሙያዎች «የራሳችን ሥራ ይሞታል» ብለው ተቃውሞ አሰምተው ነበር። ስጋታቸው ትክክል ነበር እላለሁ፤ ከቱርክ ትልልቅ ፕሮዳክሽኖች ጋር በእኛ ካሜራና በጀት መወዳደር ከባድ ነው። ያቺን እናት ያስለቀሳት ግን የቱርክ ካሜራ ብቻ ነው ብዬ አላምንም። ድምፁ የእኛው ልጆች ድምፅ ነበር። «አንጀቴን በላኸው» ሲባል የምትሰማው በእናት ቋንቋዋ ነው።

ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ሥነ ልቦና ነው። በሙያው ሥራ ባላገኝም ትምህርቱ አብሮኝ ጣሪያ ላይ ይወጣል። ስለዚህ ባልየው ከጓዳ ብቅ ብሎ «ለውሸት ታለቅሻለሽ እንዴ?» ሲል በሰማሁ ቁጥር መልስ መስጠት ያምረኛል። በ1956 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሆርተንና ዎል የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ስለዚህ ጉዳይ ጽፈዋል። ተመልካች በስክሪን አዘውትሮ ከሚያየው ሰው ጋር የአንድ ወገን ዝምድና ይመሠርታል፤ እሱ ያውቀዋል፣ ያኛው አያውቀውም። ፊቱን በየሳምንቱ እናያለን፣ ቤቱን እናውቃለን፣ ሲዋሽ እናውቅበታለን፣ ምሥጢሩን ከሚስቱ ቀድመን እንሰማለን። ከስንት እውነተኛ ዘመዶቻችን ጋር ነው እንዲህ የምንቀራረበው? ታሪኩ ፈጠራ መሆኑን አእምሯችን አይስተውም። ዝምድናው ግን በልምድ የተገነባ ስለሆነ ሰውየው ሲጎዳ ልብ ይመታል፣ ጉሮሮ ይታነቃል። እንባው የሚወርደው ከእውነተኛ ዓይን ነው።

እናቴ «ሰው ለሰው» ድራማ በሚታይበት ጊዜ አበበ ባልቻ የሚጫወተው አስናቀ ብቅ ሲል ጉርሻዋን ትሪው ላይ ትመልስ ነበር። «ዓይኑን ማየት አልፈልግም» ትላለች፤ ጣቢያውን ግን ቀይሪ ብንላት አትቀይርም። ከዚያ በፊት ደግሞ በ«ገመና» ዘመን ስለ ዶክተር ምስክር እንደ ወንድሟ ስትጨነቅ አይቻታለሁ። ይኼ ነገር በቴሌቪዥን እንዳልተጀመረም የነገረችኝ እሷው ናት። በደርግ ጊዜ ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርክ፣ በሰፈራቸው ሬዲዮ ያለው አንድ ቤት ነበር። ልጆቹ ደጃፉ ላይ ተኮልኩለው፣ ትልልቆቹ ውስጥ ሆነው ያዳምጣሉ። የፍቅረኞቹ የበዛብህና የሰብለ ወንጌል ነገር እየከፋ ሲሄድ የቤቱ እመቤት ሬዲዮኑን አጥፍተው በጨለማ ተቀምጠው ነበር አለችኝ። ደግሞ ወዲያው መልሰው ከፈቱት።

ይኼ ስሜት ጉልበትም አለው። ከ1994 እስከ 1997 «የቀን ቅኝት» የተባለ ተከታታይ ድራማ በኢትዮጵያ ሬዲዮ በ257 ክፍሎች ተላልፏል። ያዘጋጀው ፖፑሌሽን ሚዲያ ሴንተር ሲሆን የኢትዮጵያ ቢሮውን የሚመሩት ዶክተር ንጉሤ ተፈራ ነበሩ። ዓላማው ስለ ቤተሰብ ምጣኔና ስለ ኤችአይቪ ማስተማር ነበር። ድርጅቱ ካሠራጫቸው ድራማዎች አድማጮች ከ15 ሺህ በላይ ደብዳቤ ደርሶታል። እስክሪብቶ አንስቶ፣ ቴምብር ገዝቶ፣ ፖስታ ቤት ሄዶ ማለት ነው። ሰው ትምህርት ብቻ ቢሰጡት እንዲህ አይደክምም። የሚያውቃት ልጅ ስትታለል ሰምቶ ነው የደከመው።

አሁን ስለ አንድ አዛውንት ልናገር። 2012 ላይ የአገራችን ጣቢያዎች ከናይልሳት ወደ ኢትዮሳት ሲዛወሩ የሰፈሩ ሥራ ሁሉ ዲሽ ማዞር ሆነ። እስከዚያ ሳህኖቹ ሁሉ ፊታቸው ወደ ምዕራብ ነበር፤ ናይልሳት 7 ዲግሪ ምዕራብ ላይ ስለሆነ። ኢትዮሳት ግን 57 ዲግሪ ምሥራቅ ነው፤ ሳህኑ ዞሮ ወደ ላይ ቀና ይላል። በቀን ስምንት ዘጠኝ ቤት እሠራለሁ፣ ወረፋ አለ። ሰሚት አንድ ሕንጻ ላይ አዛውንቱ ከዘራቸውን ይዘው ደረጃ ላይ ጠበቁኝ። «ልጄ፣ የኔን አስቀድምልኝ፤ ዛሬ የልጅቷ ፍርድ ነው» አሉኝ። የእውነት ልጃቸው ችሎት የቆመች መስሎኝ ልቤ ተነካ፣ ወረፋውን ትቼ ሄድኩላቸው። ምስሉ ሲመጣ ፍርድ ቤቱ ድራማ ውስጥ ነበር።

አልተቆጣሁም። ሻይ ይዘውልኝ ሲመጡ ራሳቸው ነገሩኝ፤ የውርስ ቤት ክርክር ላይ ስንት ዓመት በቀጠሮ ተመላልሰው ደክሟቸው ትተውታል። «አንድ ፍርድ እንኳ ሲበየን ልይ» አሉኝ።

ዶልፍ ዚልማን የሚባል ምሁር ተመልካችን ዳኛ ያደርገዋል። ድራማ ስናይ ሳናስበው እየፈረድን ነው ይላል፤ ይኼ ደግ ነው፣ ያ ክፉ ነው። ከዚያ ለወደድነው መልካም፣ ለጠላነው ቅጣት እየተመኘን እንጠብቃለን። ጭንቀቱም ደስታውም የሚመጣው ከዚህ መጠበቅ ነው። የአዛውንቱ ሻይ እስኪያልቅ ድረስ ይኼን ንድፈ ሐሳብ በመጽሐፍ እንጂ በሰው ፊት ላይ አይቼው አላውቅም ነበር። የድራማው ዳኛ ሲናገር ከዘራቸውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ነበር፤ ጣቶቻቸው ነጭ እስኪሆኑ።

የምሠራበት ለሚ ኩራ በ2013 ከቦሌና ከየካ ተከፍሎ የተቋቋመ ክፍለ ከተማ ነው። ኮንዶሚኒየሞቹ ውስጥ ያለው ሰው በዕጣ የተገናኘ ነው፤ አንዱ ከመርካቶ፣ አንዷ ከአራት ኪሎ፣ ሌላው ከቂርቆስ። ዕድሩንና የቡና ጎረቤቱን እዚያው ትቶ ነው የመጣው። እዚህ ደረጃ ላይ የሚገናኙ ሰዎች መጀመሪያ የሚነጋገሩት ስለ ምን መሰላችሁ? «ትናንት አየሽው?» ነው። የጋራ የሚያውቁት ሰው ሌላ የላቸውም። ስለ ጎረቤት ማውራት ሐሜት ነው፣ ስለ ድራማ ሰው ማውራት ግን ማንንም አያስከፋም። ኬብል እየሳብኩ ቡና ላይ ስንቱን ሰማሁ! አንዷ «እኔ ብሆን ያን ቀን ጥዬው እወጣ ነበር» ትላለች፣ ሌላዋ ዝም ትላለች፣ ከዚያ ቀስ ብላ «ልጅ ካለ እኮ ቀላል አይደለም» ትላለች። ስኒው አንድ ዙር ሳይዞር ወሬው ከድራማዋ ሴት ወጥቶ ወደዚህ ቤት ገብቷል። በራሷ ስም ልትናገረው የማትችለውን በሌላ ሰው ስም ተናገረችው። «ውሸት» የሚሉት ባሎች ይኼን ቢሰሙ ደስ ይለኛል።

ብሉማ ዛይጋርኒክ የተባለች የሥነ ልቦና ተመራማሪ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1920ዎቹ በርሊን ውስጥ ያደረገችው ጥናት ደግሞ የተቋረጠ ነገር ካለቀ ነገር ይልቅ በአእምሮ ይቆያል ይላል። ደራሲዎች ክፍሉን ሽጉጡ ሲወጣ ወይም በሩ ሲንኳኳ የሚያቋርጡት ለዚህ ነው፤ እስከ ሳምንት ድረስ በሩ ጆሯችን ላይ ይንኳኳል።

ባለፈው ዓመት አንዲት ደንበኛዬ ማክሰኞ ደወሉልኝ። ብቻቸውን የሚኖሩ እናት ናቸው። ዲሻቸው በነፋስ ዞሮባቸዋል።

«ዛሬውኑ እመጣለሁ እማማ» አልኳቸው።

«ኧረ አትምጣ! እስከ ሐሙስ አትምጣ።»

«ምነው? ረቡዕ ድራማዎ የለም እንዴ?»

«አለ። ነገ ያልቃል።» ትንሽ ዝም አሉ። «ሁለት ዓመት አብሬያቸው ኖሬ ሲለያዩ ቁጭ ብዬ ላይ ነው? ካላየሁት አላለቀም።»

ሐሙስ ሄድኩ። የላላውን ብሎን አጥብቄ፣ ሳህኑን ወደ ቦታው መልሼ፣ ከሩብ ሰዓት ባልበለጠ ጊዜ ጨረስኩ። ሂሳቤን ሲሰጡኝ እጃቸው ቆየ።

«አንተ አየኸው?»

«አዎ፣ አይቼዋለሁ።»

«እንዳትነግረኝ» አሉ። ፒንሳዬንና መፍቻዬን ቦርሳዬ ውስጥ ስከት አጠገቤ ቆመው ነበር። በሩ ጋ ስደርስ ጠሩኝ።

«ልጅቷ ብቻ... በሕይወት አለች?»

«አለች፣ እማማ።»

«ተመስገን» አሉና ቡና ሊያፈሉ ወደ ጓዳ ገቡ።