ከጦርነት የወጣ ሕዝብ ለምን ይመርጣል?

እ.ኤ.አ. በ1997 ላይቤሪያውያን ሰባት ዓመት ከፈጀ የእርስ በርስ ጦርነት በኋላ ፕሬዚዳንት ለመምረጥ ተሰለፉ። ያሸነፈው ጦርነቱን የጫረው ቻርልስ ቴይለር ነበር፤ ያውም ከመቶ 75 የሚሆነውን ድምፅ ይዞ። ደጋፊዎቹ እናት አባታችንን ቢገድልም እንመርጠዋለን እያሉ በአደባባይ ይጨፍሩ ነበር።

ከሩቅ ለሚያየው እብደት ነው። መራጩ ግን ሒሳቡን ሠርቶ ነበር። ከተወዳዳሪዎቹ ሁሉ ብዙ ተዋጊ ያለው ቴይለር ነበር፤ ርቆ የሚሰማው ሬዲዮም የእሱ ነበር። ይህ ሰው ከተሸነፈ ጫካ ይመለሳል የሚለው ስጋት ከየትኛውም የምርጫ ቅስቀሳ በላይ ሠርቷል። ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል እንደሚባለው ሆነ።

ታዲያ ጦርነት ሰውን ከዴሞክራሲ ያርቀዋል ማለት ነው? ጥናቶች የሚያሳዩት ሌላ ነው። ተመራማሪው ክሪስቶፈር ብላትማን በሰሜን ዩጋንዳ ባደረገው ጥናት፣ በአማፂው ጆሴፍ ኮኒ ታጣቂዎች ታፍነው ተወስደው የተመለሱ ወጣቶች ካልታፈኑት ይበልጥ ድምፅ ይሰጣሉ፤ በአካባቢያቸውም የመሪነት ኃላፊነት ይይዛሉ። በሴራሊዮንም ጆን ቤሎስና ኤድዋርድ ሚጌል ተመሳሳይ ነገር አግኝተዋል፤ ጥቃት የበረታባቸው ቤተሰቦች በመንደር ስብሰባም በምርጫም ከሌላው ይበልጥ ይሳተፋሉ። ግፍ የቀመሰ ሰው ፖለቲካ የእኔ ጉዳይ አይደለም ለማለት ይቸገራል።

መሳተፍና በሥርዓቱ መተማመን ግን የተለያዩ ናቸው። ጦርነት ሰውን ከወገኑ ጋር ያስተሳስረዋል፤ ጠባቂ የሚለውንም እንዲመርጥ ይገፋፋዋል። እ.ኤ.አ. በ1990 የላይቤሪያው ፕሬዚዳንት ሳሙኤል ዶ ተይዘው ሲሰቃዩ በቪዲዮ ካሜራ ፊት ቢራ ይጠጣ የነበረው የጦር አበጋዝ ፕሪንስ ጆንሰን፣ በ2005 የኒምባ ክፍለ ግዛት ሕዝብ መርጦት ሴናተር ሆኗል። ለሌላው ገዳይ የሆነው ሰው ለብዙ የኒምባ ሰው ከዶ ወታደሮች ያስጣለ ጀግና ነበር።

ቴይለርን መምረጥም ሰላም አልገዛም። ጦርነቱ በ1999 ተመልሶ አገረሸ፤ ቴይለር በ2003 ሥልጣን ለቆ ወደ ናይጄሪያ ሄደ፤ በጋናዋ አክራም የሰላም ስምምነት ተፈረመ። ከዚያ ኢትዮጵያውያን ወታደሮችም የነበሩበት የተባበሩት መንግሥታት ሰላም አስከባሪ ኃይል ገባ፤ ታጣቂዎች ትጥቅ ፈቱ። በ1997 ከመቶ 10 ያህል ብቻ ያገኙት ኤለን ጆንሰን ሰርሊፍ በ2005 አሸነፉ። መራጩ ያየውን መከራ አልረሳም፤ የተለወጠው ነገር የተሸናፊው እጅ ባዶ መሆኑ ነው። በ2023 ፕሬዚዳንት ጆርጅ ዊሃ ከመቶ ሁለት በማይሞላ ልዩነት በጆሴፍ ቦአካይ ሲሸነፉ፣ የመጨረሻው ውጤት ሳይታወጅ ስልክ ደውለው እንኳን ደስ አለዎት አሉ።

የቀረው የፍትሕ ጥያቄ ነው። ቴይለር 50 ዓመት የተፈረደበት በሴራሊዮን ለተፈጸመው ወንጀል እንጂ በገዛ አገሩ ላደረሰው አይደለም። የላይቤሪያ የእውነትና የዕርቅ ኮሚሽን በ2009 ልዩ ፍርድ ቤት እንዲቋቋም ቢመክርም፣ ፍርድ ቤቱን የሚያደራጅ ቢሮ በፕሬዚዳንት ትዕዛዝ የተፈቀደው በ2024 ነው። የላይቤሪያ መራጭ መሪ መለወጥ እንደሚችል በተግባር አይቷል፤ ድምፁ ገዳዮቹን ለፍርድ ማቅረብ መቻሉን ግን ገና አላየም።