ሰዓቱ ዝም ስላለ ግፊት የለብኝም ማለት ነው?



ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ትዝ ይላችኋል? ቀኑን ሙሉ ስለ ሕዳሴ ግድብ ምረቃ ስናወራ ዋልን። ማታ ላይ ደግሞ አፕል አዳዲስ ዕቃዎቹን አስተዋወቀ፤ ስልኩ፣ ሰዓቱ፣ የጆሮ ማዳመጫው ተራ በተራ ወጣ። ከዚያ ምሽት በኋላ ኢንቦክሴን የሞላው ጥያቄ ግን ስለ ስልኩ ካሜራ አልነበረም። "ዶክተር፣ አዲሱ ሰዓት ግፊት ይለካል የሚባለው እውነት ነው?" የሚል ነው።

መልሱን ከመስጠቴ በፊት እኔ ከምሠራበት ከመንዝ አንድ ነገር ልንገራችሁ።

አንድ አባት ቤተሰቦቻቸው ደግፈው አመጧቸው (ማንነታቸው እንዳይታወቅ ዝርዝሩን ቀይሬዋለሁ)። ዕድሜያቸው ከ60 አልፏል። ጠዋት ከብት ሊያወጡ ሲነሱ ቀኝ እጃቸው አልታዘዝ አላቸው፤ አፋቸው ተጣመመ፤ ንግግራቸው ተኮላተፈ። በርኖሳቸውን ገልጬ ክንዳቸውን ሳወጣ የግራ እጃቸው አንጓ ላይ ጥቁር ስማርት ሰዓት አየሁ። ውጭ ያለች ልጃቸው የላከችላቸው ነው። ግፊታቸውን ስለካ 210 በ120። አብሯቸው የመጣው ወንድ ልጃቸው ደንግጦ "ዶክተር፣ ሰዓቱ እኮ አንድም ቀን ምንም ብሎ አያውቅም!" አለኝ።

ሰዓቱ አላጠፋም። እሱ የሚቆጥረው እርምጃና የልብ ምት ነው፤ ስለ ግፊት የሚያውቀው ነገር የለም። ቤተሰቡ ግን ሰዓቱ እጃቸው ላይ ስላለ አባታቸው የሚጠበቁ መስሏቸው ነበር። በመሃል ለዓመታት ግፊታቸውን የለካ ሰው አልነበረም።

የዛሬው ጽሑፍ ለዚህ ነው።

አፕል በትክክል ምን አለ?

ብዙ ሰው "ሰዓቱ ግፊት ይለካል" ብሎ ነው የተረዳው። አይለካም። "120 በ80" የሚል ቁጥር አታዩበትም።

የሚሠራው እንዲህ ነው። ከሰዓቱ ጀርባ ቆዳችን ላይ ብልጭ ድርግም የሚል አረንጓዴ መብራት አለ። ልብ በመታ ቁጥር ከቆዳ ሥር ያለው ደም ከፍ ዝቅ ስለሚል ወደ ሰዓቱ የሚመለሰው ብርሃንም አብሮ ይለዋወጣል። ሶፍትዌሩ ይህን ለ30 ቀን እየተከታተለ፣ የደም ሥራችን ለልብ ምት የሚሰጠው ምላሽ ግፊት ያለበት ሰው የሚመስል ሆኖ ደጋግሞ ካገኘው ማሳወቂያ ይልካል፤ "ግፊት ሊኖርብዎ ይችላል" ነው መልእክቱ። ከዚያስ? ኩባንያው ራሱ የሚመክረው ክንድ ላይ በሚታሰር መለኪያ ለ7 ቀን ተለክታችሁ ውጤቱን ለሐኪም እንድታሳዩ ነው። ዞሮ ዞሮ ወደ እኛው መለኪያ መለሰን ማለት ነው።

የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር (ኤፍዲኤ) ከቀናት በኋላ ፈቃድ ሰጥቶታል። የሚሠራው አዲሱ ሰዓት ላይ ብቻ አይደለም፤ ሲሪየስ 9 እና አልትራ 2 ላይ፣ ከእነሱ በኋላ በወጡት ላይም አለ። ነገር ግን እንዲህ ያለ አገልግሎት በየአገሩ ፈቃድ ስለሚጠይቅ ሰዓታችሁ ላይ ብታጡት ተበላሽቷል ብላችሁ አትደንግጡ።

አሁን ከማስታወቂያው ወዲህ ወደ ሰማኋቸው አስተያየቶች እንሂድ።

1. "በቃ፣ ግፊት መለካት ቀረ!"

አልቀረም። ኩባንያው ከ2,000 በላይ ሰዎች ላይ ያደረገው ጥናት ውጤት ይኸውላችሁ። ግፊት ያለባቸው 100 ሰዎች ሰዓቱን ቢያደርጉ ወደ 41 የሚሆኑትን ያስጠነቅቃል። 59ኙ ምንም አይባሉም። ግፊታቸው ከፍ ካለው (ከሁለተኛ ደረጃ) ሰዎች እንኳ የሚይዘው ከግማሽ ትንሽ በለጥ የሚሉትን ነው። በሌላ በኩል ግፊት ከሌለባቸው 100 ሰዎች 8 ያህሉን በስህተት ያስጠነቅቃል።

ከዚህ ሁለት ነገር እንያዝ፦

- ሰዓቱ ካስጠነቀቀ፦ አትደንግጡ፣ አትናቁትም። ሄዳችሁ ተለኩ።
- ሰዓቱ ዝም ካለ፦ ምንም ማለት አይደለም። "ግፊት የለብህም" አላለም፤ "አላየሁም" ነው ያለው።

ዝምታ ወርቅ ነው ይባላል፤ በግፊት ጉዳይ ግን አይሠራም። ሕመሙ ራሱ ዝምተኛ ነው። ብዙ ሰው "ራሴን ካላመመኝ ግፊት የለብኝም" ይላል። 180 ሆኖ ምንም ሳይሰማው እርሻ የሚውል ሰው በየጊዜው አያለሁ። ዝም ባለ ሕመም ላይ ዝም ያለ ሰዓት ሲደመርበት ነው አደጋው።

2. "ተዉት፣ የሀብታም መጫወቻ ነው"

በከፊል እውነት ነው። ሲሪየስ 11 ሲወጣ መነሻ ዋጋው 399 ዶላር ነበር። በእኛ ብር አስቡት። ግን ሙሉ በሙሉ አጣጥዬ አልጥለውም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ግፊት ካለባቸው አዋቂዎች ወደ ግማሽ የሚጠጉት እንዳለባቸው አያውቁም። እንግዲህ በሌላ ምክንያት ለገዛው ሰዓት ምስጋና ይግባውና አንድ የ35 ዓመት የባንክ ሠራተኛ "ሂድ ተለካ" ቢባል ምን ክፋት አለው? ሰዓቱ ያላችሁ አገልግሎቱን ክፈቱት። ለግፊት ብላችሁ ሰዓት ልትገዙ ካሰባችሁ ግን ብራችሁን አስቀምጡ፤ በጣም ባነሰ ዋጋ ክንድ ላይ የሚታሰረውን ዲጂታል መለኪያ ግዙ። እሱ ቁጥር ይነግራችኋል፤ ለመላው ቤተሰብም ይሆናል።

3. "የእኔ ሰዓት እኮ በርካሽ ግፊትም ስኳርም ያሳያል"

እዚህ ላይ ቆም በሉ። ጣት ሳይወጋ ስኳር እለካለሁ የሚል ሰዓት ወይም ቀለበት እንዳትጠቀሙ ኤፍዲኤ በየካቲት 2024 እ.ኤ.አ. አስጠንቅቋል፤ እንዲህ ላለ ዕቃ ፈቃድ ሰጥቶ እንደማያውቅም ተናግሯል። ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው እንዲህ ያለ ቁጥር አምኖ መጠኑን ቢጨምር ስኳሩ ወርዶ ራሱን ሊስት፣ ሊሞትም ይችላል።

ግፊትን በተመለከተ በቁም ነገር የሚሠሩ ሰዓቶች አሉ። ሳምሰንግ በየ28 ቀኑ በክንድ መለኪያ እንድታስተካክሉት ይጠይቃል። ሁዋዌ ማሰሪያው ውስጥ የምትነፋ ትንሽ ከረጢት ያለበት ሰዓት አለው። ታዲያ ምንም ሳይነፋ፣ በምንም ሳይስተካከል፣ በሁለት ሴኮንድ "118 በ76" ብሎ የሚጽፈው የገበያ ሰዓት ከየት አመጣው? አንድ ሙከራ ልስጣችሁ፦ ሰዓቱን ጠርሙስ ላይ አስራችሁ አስነሱት። ለጠርሙሱም ግፊት ከሰጠው መልሱን አገኛችሁት።

4. "መንዝ ስወጣ ሰዓቴ ኦክስጅን 90 አለኝ፤ ልሞት ነው?"

ጓሳን ሊጎበኙ ከአዲስ አበባ የሚመጡ ወጣቶች ደጋግመው የሚጠይቁኝ ነው። መሀል ሜዳ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው፤ ጓሳ ከዚያም ይበልጣል። 3,000 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻ ጋር ሲነጻጸር 70 በመቶ አካባቢ ነው፤ ስለዚህ በአንድ ትንፋሽ የምታገኙት ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። ለእንግዳ ሰው 90 አካባቢ መታየቱ ብዙም አያስገርምም። ለአገሬው ሰው ግን ሌላ ነው። በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ላይ ተሠርቶ በ2002 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አማካይ ኦክስጅናቸው 95 በመቶ ያህል መሆኑን አሳይቷል። የደጋ ሰው ሰውነት ከከፍታው ጋር ተስማምቷል ማለት ነው።

ሁለት ነገር ደግሞ ቁጥሩን ያሳስታል። አንደኛው ብርድ ነው፤ እጅ ሲቀዘቅዝ ደሙ ወደ ቆዳ በደንብ አይደርስም፣ ሰዓቱም ይሳሳታል። ሁለተኛው የቆዳ ቀለም ነው። በ2020 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ የሆስፒታል የጣት መለኪያ 92–96 እያለ እውነተኛው የደም ኦክስጅን ከ88 በታች ሆኖ የተገኘው በጥቁሮች ላይ 11.7 በመቶ፣ በነጮች ላይ 3.6 በመቶ ነው። የሆስፒታሉ ዕቃ እንዲህ ከሆነ የእጅ ሰዓቱን አስቡት። ስለዚህ ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን ሰውዬውን እዩ። ተቀምጦ ትንፋሽ የሚያጥረው፣ ግራ የሚጋባ፣ ከንፈሩ የሚጠቁር ሰው ሰዓቱ ምንም ይበል ምን በፍጥነት ወደ ዝቅተኛ ቦታ ወርዶ ሕክምና ያግኝ።

(ስለ አዲሱ የጆሮ ማዳመጫ የጠየቃችሁኝም አላችሁ። የልብ ምት ይለካል፣ ለስፖርተኛ ጥሩ ነው። ንግግር ይተረጉማል የተባለው ግን ሲጀምር አማርኛ የለውም።)

በሰዓት ላይ ጨርሶ መተማመን የሌለባቸው

- ነፍሰ ጡሮች፦ አገልግሎቱ ለእናንተ አልተሠራም። በእርግዝና ጊዜ የሚነሳ ግፊት እናትንም ልጅንም ሊገድል ይችላል። በየቀጠሮው ተለኩ።
- ግፊት እንዳለባችሁ ቀድሞ የተነገራችሁ፦ ለእናንተም አልተሠራም። "ሰዓቱ ዝም ካለማ ድኛለሁ" ብላችሁ ክኒን እንዳታቋርጡ። ግፊቱ የወረደው ክኒኑ ስላለ ነው።
- ከ22 ዓመት በታች ያላችሁ።

ታዲያ እንዴት እንለካ?

- ከመለካታችሁ በፊት 30 ደቂቃ ቡና፣ ሲጋራ፣ ጫት አይኑር። ሽንት ከመጣ ቀድማችሁ ሽኑ።
- ጀርባችሁን አስደግፋችሁ፣ እግራችሁን መሬት አስነክታችሁ፣ ሳታነባብሩ 5 ደቂቃ አርፉ።
- ክንዳችሁ ጠረጴዛ ላይ፣ በልብ ትክክል ይሁን።
- ባዶ ክንድ ላይ! በጋቢ፣ በሹራብ፣ በበርኖስ ላይ አይታሰርም። እኛ ደጋ ላይ ብርዱን ፈርተን በዚህ ብዙ እንሳሳታለን።
- ስትለኩ አታውሩ። ከ1–2 ደቂቃ በኋላ ድገሙትና ሁለቱንም ጻፉ።

በሁለት የተለያዩ ቀናት የላይኛው 140 ወይም የታችኛው 90 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። 180 በ120 እና ከዚያ በላይ ሆኖ የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የዓይን ብዥታ ወይም ከባድ ራስ ምታት ካለ ነገ አትበሉ፤ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል። አፍ ከተጣመመ፣ አንድ እጅ ከሰነፈ፣ ንግግር ከተኮላተፈ ደግሞ ግፊቱን እንኳ ለመለካት አትዘግዩ። ስትሮክ ነው፤ እያንዳንዷ ደቂቃ ዋጋ አላት።

በመጨረሻ አንድ ኑዛዜ

የዚያን አባት ልጅ በልቤ ወቅሼው ነበር፤ "እንዴት ዓመታት ሳታስለካቸው?" ብዬ። ማታ ቤት ገብቼ ሳስበው ግን የራሴን እናት ለመጨረሻ ጊዜ የለካሁበትን ቀን ማስታወስ አቃተኝ። "ልጄ ሐኪም ነው" እያለች ለጎረቤት የምትኮራዋን እናቴን።

ለመስቀል መርሐቤቴ ስወርድ መለኪያውን ይዤ ሄድኩ። "ሳይታመም ሰው ይለካል እንዴ?" ብላ ሳቀችብኝ። 158 በ96። "ተሳስቶ ይሆናል" አልኩ፤ እኔው ሐኪሙ! በማግስቱም ለካኋት፤ ያው ነው። አሁን መድኃኒት ጀምራለች፣ ጨውም ቀንሳለች፣ ደህና ናት። መለኪያው ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር።

ስለዚህ ይህን በስልካችሁ የምታነቡ ሁሉ፣ የሚቀጥለው በዓል ላይ አገር ቤት ስትሄዱ ከስኳሩና ከዘይቱ ጋር መለኪያ ያዙ። ውጭ ያላችሁ ልጆችም ሰዓት ከመላካችሁ በፊት የክንድ መለኪያ ላኩ፤ ከዚያ በየሳምንቱ ደውላችሁ "ስንት ሆነ?" በሉ። መግዛት ካልቻላችሁ በአቅራቢያችሁ ያለ ጤና ጣቢያ ይለካላችኋል።

እናትና አባታችሁን ለመጨረሻ ጊዜ የለካችሁት መቼ ነው? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፤ ጥያቄም ካላችሁ አስቀምጡ። ለሌሎችም ይደርስ ዘንድ ሼር አድርጉት።

ጤናችሁ ይብዛ!