ድመት ባለበት ቤት በራሱ የሚበራ መብራት፦ የአየሩ ሙቀት ለምን ወሳኝ ሆነ?

በአውሮፓውያኑ ሐምሌ 2018 የተመረቀው የጅቡቲ ዓለም አቀፍ ነፃ የንግድ ቀጠና፣ ከባሕር የሚራገፉ ሸቀጦች ተከማችተው ወደ ጎረቤት አገራት እንዲሰራጩ ታስቦ የተገነባ ነው። የባሕር በር የሌላት ኢትዮጵያም አብዛኛውን የገቢ ዕቃዋን የምታስገባው በጅቡቲ በኩል ነው። በመሆኑም ሰው ሲገባ በራሱ የሚያበራ፣ ሲወጣ የሚያጠፋ የመብራት ማብሪያ ማጥፊያ የጅቡቲ ከተማም ሆነ የአዲስ አበባ ነዋሪ ከአንድ ፋብሪካ የወጣውን ሊገዛ ይችላል።

ይሁንና ዕቃው በሁለቱ ከተሞች እኩል አይሠራም። ድመት ወይም ውሻ ባለበት ቤት ደግሞ ልዩነቱ ይጎላል።

ምክንያቱ አሠራሩ ነው። አብዛኞቹ እነዚህ መሣሪያዎች የሚለዩት ከሰውነት የሚወጣውን የሙቀት ጨረር፣ ማለትም ኢንፍራሬድን ነው። ከፊት ያለው የፕላስቲክ ሌንስ የክፍሉን እይታ ይከፋፍላል። ሙቀቱ ከአካባቢው የተለየ አካል ከአንዱ ክፍልፋይ ወደ ሌላው ሲሻገር መብራቱ ይበራል።

በቀዝቃዛው የአዲስ አበባ ሌሊት የድመት ሙቀት ከግድግዳው በግልጽ ስለሚለይ መብራቱ በየጊዜው ሊበራ ይችላል። በጅቡቲ ግን የሐምሌ ወር የቀን ከፍተኛ ሙቀት በአማካይ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይበልጣል። የሰው ቆዳ ሙቀት 34 ዲግሪ ገደማ ነው። አየር ማቀዝቀዣ በሌለው ኮሪደር ወይም ደረጃ ላይ የግድግዳው ሙቀት ወደዚህ ሲቀርብ መሣሪያው ሰውንም ላያይ ይችላል።

ስለዚህ ድመቷ እንዳታበራው ብሎ የመሣሪያውን ንቃት መቀነስ በሞቃት አገር አደጋ አለው። በጨለማ ደረጃ የሚወርዱ አዛውንት መብራቱ ሳይበራላቸው ሊቀር ይችላል።

የተሻለው መንገድ የመሣሪያውን እይታ ማስተካከል ነው። የሌንሱን የታችኛውን ክፍል ብርሃን በማያሳልፍ ፕላስተር መሸፈን ወለል ላይ የሚሄድን እንስሳ ከእይታ ያወጣል። ሶፋና መደርደሪያ ላይ የምትወጣ ድመት ግን አሁንም ትታያለች፤ የሚድኽ ሕፃንም እንደ ድመቷ ከእይታ ይወጣል።

ለመኝታ ቤት በእጅ በርቶ በራሱ የሚጠፋው ዓይነት ይመረጣል። ድመቷ መብራቱ ሳይጠፋ እንዲቆይ ታደርግ ይሆናል እንጂ የተኛን ሰው አብርታ አትቀሰቅስም።

ማሸጊያው ላይ የተወሰነ ኪሎ ድረስ ያሉ እንስሳትን እንደማይቆጥር የተጻፈበት ዕቃም አለ። መሣሪያው ግን ክብደት አይመዝንም፤ ግምቱ በሚያየው የሙቀት መጠንና ቦታ ላይ የተመሠረተ ነው። በአጠገቡ የምታልፍ ድመት ትልቅ ሆና ልትታየው ትችላለች።

በማይክሮዌቭ የሚሠሩት ሙቀት አያደናግራቸውም። ሞገዳቸው ስስ ግድግዳ አልፎ ስለሚሄድ ግን በጎረቤት ክፍል ያለ እንቅስቃሴም ሊያበራቸው ይችላል።

ወጪው ብዙ የሚያሳስብ አይደለም። ባለ 9 ዋት ኤልኢዲ አምፖል በድመት ምክንያት በሌሊት 40 ጊዜ በርቶ በየጊዜው 5 ደቂቃ ቢቆይ የሚፈጀው 30 ዋት ሰዓት ብቻ ነው። ዋናው ጉዳት የእንቅልፍ መረበሽ ነው። የግቢ መብራት ከሆነ ደግሞ ቤተሰቡ በድመት መብራቱን ስለሚለምድ፣ ሌባ ሲያበራውም ልብ ሳይለው ሊቀር ይችላል።

ከተገጠመ በኋላ ፍተሻው ሁለት ጊዜ ቢደረግ ይመከራል፦ አንዴ በቀኑ ሞቃታማ ሰዓት ሰው በዝግታ እየተራመደ፣ አንዴ ደግሞ ሌሊት እንስሳቱ ሲንቀሳቀሱ።