የጉልበት ሎሚና «ንጹሕ» የተባለው ራጅ

ወገኖቼ፣ እኔ ሐኪም አይደለሁም። ቀን ቀን የማሽን ሥዕል ላይ አፍጥጬ የምውል መሐንዲስ ነኝ፤ ብዕር የማነሳው ማታ ልጆች ሲተኙ ነው። ዛሬ ከሙያዬ ወጥቼ ስለ ጉልበት የምጽፈው በቤቴ በደረሰ ነገር ምክንያት ነው።

የአሥር ዓመቷ ልጄ ትምህርት ቤት ቅርጫት ኳስ ስትጫወት ድንገት ዞር ስትል ወደቀች። የጉልበቷ ሎሚ ወደ ውጭ ሄዶ ነበር፤ መምህሯ እግሯን ሲዘረጉላት ቀጭ ብሎ ተመለሰ። ድንገተኛ ክፍል ስንደርስ የሚታየው እብጠት ብቻ ነበር። ራጅ ተነሣች፤ «አጥንቱ አልተሰበረም፣ ራጁ ንጹሕ ነው» ተባልንና በፋሻ ታስራ ወደ ቤት ተመለስን። አዲስ አበባ ያለችው እናቴ በስልክ «እዚያ አገር ወጌሻ የለም እንዴ?» ስትል ሳቅንባት። ከአራት ወር በኋላ ልጅቷ ደረጃ ስትወርድ ሎሚው እንደገና ወጣ።

በሁለተኛው ጊዜ ያዩን የልጆች አጥንት ሐኪም አዲስ ራጅ ከማዘዛቸው በፊት የመጀመሪያውን ፊልም ከፍተው በእርሳሳቸው ጫፍ አንድ መስመር አሳዩን። ነገሩ ያን ቀንም እዚያው ነበር። ራጁ የተጠየቀው «ተሰብሯል ወይ?» የሚል ጥያቄ ብቻ ስለነበር የመለሰውም ለዚያው ነው።

መስመሩ ምን እንደነበር ለመረዳት ጉልበትን እንደ ፑሊ አስቡት። ገመዱ የጭን ጡንቻና ከሎሚው በታች ያለው ጅማት ነው። በጭን አጥንት ጫፍ ላይ ቦይ አለ፤ ሎሚው በዚያ ቦይ ውስጥ ሽቅብና ቁልቁል ይንሸራተታል። ታዲያ ገመዱ ቀጥ ያለ አይደለም። የጭን አጥንት ከዳሌ ወደ ጉልበት ሰያፍ ስለሚወርድ ጡንቻው በተኮማተረ ቁጥር ሎሚውን ወደ ላይ ብቻ ሳይሆን ወደ ውጭም ይጎትተዋል። ይህን ከሚከላከሉት ዋናዎቹ የቦዩ የውጭ ግድግዳና ሎሚውን በውስጥ በኩል ከጭን አጥንት ጋር የሚያስረው ጅማት ናቸው። እግር ሲዘረጋ ሎሚው ከቦዩ በላይ ስለሚሆን ሸክሙ በአብዛኛው ጅማቱ ላይ ነው፤ ጉልበቱ ከ20 እስከ 30 ዲግሪ ሲታጠፍ ግን ቦዩ ውስጥ ይገባል። ቦዩ ጠፍጣፋ ከሆነ፣ ወይም ሎሚው ከፍ ብሎ ተሰቅሎ ዘግይቶ የሚገባ ከሆነ፣ በዚያች በመጀመሪያዋ እጥፋት ላይ ይሾልካል።

ሐኪሙ ያሳዩን የቦዩን ወለል ነው። ከጎን በተነሣ ራጅ ላይ የቦዩ ወለል አንድ መስመር ሆኖ ይታያል፤ የግራና የቀኝ ግድግዳዎቹ ጫፍ ደግሞ ከእሱ ፊት ሌላ መስመር ይሠራል። በጤነኛ ጉልበት ሁለቱ መስመሮች አይገናኙም። የወለሉ መስመር ወደ ፊት መጥቶ የግድግዳውን ካቋረጠ፣ በዚያ ከፍታ ላይ ቦዩ ጠፍጣፋ ሆኗል ማለት ነው። ይህን ምልክት ያስተዋወቁት የፈረንሳይዋ የሊዮን ከተማ ሐኪም ኦንሪ ደዡርና ባልደረቦቻቸው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1994 ባሳተሙት ጥናት ሎሚያቸው በሚወልቅ ሰዎች ጉልበት ላይ ምልክቱን 96 በመቶ አግኝተውታል፤ ከፍ ብሎ የተሰቀለ ሎሚ የተገኘው ግን በ24 በመቶው ነው። አንድ ብርቱ ቅድመ ሁኔታ አለ፤ ራጁ በትክክል ከጎን መነሣት አለበት። በጭን አጥንት ጫፍ ላይ ያሉት ሁለት ጉብታዎች ከኋላ ተደራርበው አንድ መምሰል አለባቸው። እግሩ ጥቂት ዲግሪ ከዞረ መስመሮቹ ይዋሻሉ።

ወደ ሎሚው ከፍታ ስንመጣ የራሴን ቅሌት ልንገራችሁ። ኢንሳልና ሳልቫቲ የተባሉ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1971 ቀላል መለኪያ አውጥተዋል፤ ከሎሚው በታች ያለው ጅማት ርዝመት ለሎሚው ርዝመት ሲካፈል 1 ገደማ ይሆናል፤ ከ1.2 ካለፈ ሎሚው ከፍ ብሏል። ለመሐንዲስ ደስ የሚል ነገር ነው፤ ንጽጽር ስለሆነ ምስሉ ቢተልቅም ቢያንስም ቁጥሩ አይለወጥም። እኔም ማታ ኮምፒዩተሬ ላይ ለካሁና 1.4 አገኘሁ፤ ሌሊቱን ሳልተኛ አነጋሁ። ሐኪሙ ስነግራቸው ሳቁ። ሎሚ ሲፈጠር ካርቲሌጅ ነው፤ መሐሉ አጥንት መሆን የሚጀምረው ከ3 እስከ 6 ዓመት ባለው ዕድሜ ገደማ ሲሆን ዳር ዳሩ ቀስ እያለ ይከተላል። ራጅ ደግሞ ካርቲሌጅን አያሳይም። እኔ የለካሁት ከሎሚው አጥንት የሆነውን ክፍል ብቻ ነበር፤ አካፋዩ ሲያንስ ውጤቱ ይጋነናል። ለልጆች የካቶንና የደሻም መለኪያ ይመረጣል፤ እሱም ቢሆን ከዚሁ ስሕተት ፈጽሞ ነጻ አይደለም። ኮሺኖ የተባሉ ጃፓናዊ ደግሞ መነሻቸውን የጭንና የቅልጥም አጥንቶች የሚያድጉበትን መስመር አድርገዋል።

ጉልበቱ ታጥፎ ከላይ ወደ ታች የሚነሣ ሦስተኛ ምስልም አለ፤ የቦዩን ማዕዘን ያሳያል። መርቻንት እ.ኤ.አ. በ1974 በ45 ዲግሪ እጥፋት ያነሡት የታወቀው ነው፤ አማካዩ 138 ዲግሪ ሲሆን ከ145 በላይ ጠፍጣፋ ይባላል። ጉልበቱ ብዙ ከታጠፈ ግን የሚሾልከውም ሎሚ ቦታው ላይ ተደላድሎ ይታያል። በትናንሽ ልጆች ደግሞ አጥንቱ ጠፍጣፋ መስሎ በላዩ ያለው ካርቲሌጅ ጥሩ ቦይ ሊሆን ይችላል።

የተቀደደ ጅማትና የተፈነቀለ የካርቲሌጅ ቁራጭ የኤም አር አይ ሥራ ነው። ይሁንና ራጁ አንድ ወሳኝ ነገር ጨምሮ ይናገራል፤ አጥንቱ ገና እያደገ መሆኑን። እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣ የአሜሪካ ጥናት ለመጀመሪያ ጊዜ ሎሚያቸው የወለቀ ልጆች አራት ነገሮች ተቆጥረውላቸው ነበር፦ ጠፍጣፋ ቦይ፣ ከፍ ያለ ሎሚ፣ ያልተዘጋ የዕድገት መስመር፣ የሌላኛው ጉልበት ቀድሞ መውለቅ። አራቱም ላሉበት ልጅ እንደገና የመውለቅ ዕድሉ 88 በመቶ፣ አንዱም ለሌለበት 14 በመቶ ገደማ ሆኖ ተገምቷል። ከአራቱ ሦስቱን የሚናገረው ራጅ ነው። የዕድገቱ መስመር ለቀዶ ጥገናም ያስጨንቃል፤ ለአዋቂ የሚደረገውን የቅልጥም አጥንት ጉብታ ቆርጦ ማዛወር ለሚያድግ ልጅ ማድረግ እግሩን ሊያጣምም ይችላል።

ስለዚህ እንዲህ ያለ ነገር ቢገጥማችሁ መጀመሪያ ታሪኩን ተናገሩ፤ «ሎሚው ወጥቶ ተመልሷል» በሉ፤ እኛ ያን ቀን «ወድቃ ነው» ብቻ ነበር ያልነው። ምስሉን በሲዲ ተቀበሉና አስቀምጡ። ጨረሩን አትፍሩ፤ የአንድ የጉልበት ራጅ ጨረር ከተፈጥሮ በአንድ ቀን ከምንቀበለው አይበልጥም። አገር ቤት ያለ ዘመድ ልጅም ቢሆን፣ ኤም አር አይ በሩቅ ወይም በውድ ዋጋ በሚገኝበት ቦታ፣ በትክክል ከጎን የተነሣ ራጅ ብዙ ያሳያል። ያበጠ ጉልበት ግን ከመታየቱ በፊት አይታሽ፤ የተፈነቀለ ቁራጭ ውስጡ ሊኖር ይችላል።

ለልጄ ጅማቱ ከዕድገቱ መስመር ርቆ በሌላ ጅማት ተተካላት፤ ከወራት ስፖርት ሕክምና በኋላ ወደ ሜዳዋ ተመልሳለች። እናቴ ግን በደወለች ቁጥር «በቅቤ አሽታችሁላታል?» ማለቷን አልተወችም።