ታዳጊውን የሚያሳልፈው ቲኬት

ሰኔ ሲጋመስ ከቨርጂኒያና ከሜሪላንድ የሚመጡ ቤተሰቦች ወደ የካ ይጎርፋሉ። ኮተቤና ፈረንሳይ ለጋሲዮን ያሉ አያቶች ባለፈው ሲያዩአቸው ወገባቸው ድረስ የነበሩትን የልጅ ልጆች አሁን አንጋጠው ይስማሉ። ታዳጊዎቹ ቀን እንጦጦ ፓርክ ውለው ማታ ዋይፋይ ይጠይቃሉ። ነሐሴ ላይ ሻንጣ ሲታሰር ግን ስለ ቅቤው አስተሻሸግ የማይጨነቅ ወላጅ የለም፤ ልጆቹ በፍተሻ እንዴት እንደሚያልፉ የሚያስበው ጥቂቱ ነው። ቲኤስኤ ፕሪቼክ ለታዳጊዎች ያወጣው ደንብ የሚገባውን ያህል ሳይታወቅ የቀረውም በዚሁ ምክንያት ነው።

መሠረታዊው ነገር አጭር ነው። መስከረም 1 ቀን 1994 ዓ.ም.፣ እኛ እንቁጣጣሽ ስናከብር በዋልንበት ዕለት፣ አሜሪካ ላይ የሽብር ጥቃት ደረሰ፤ በኅዳር የትራንስፖርት ደህንነት አስተዳደሩ ቲኤስኤ ተቋቋመ። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ2004 ዓ.ም.፣ ፕሪቼክ ተጀመረ። ተጓዡ አስቀድሞ አሻራ ይሰጣል፣ ማንነቱ ይጣራል፣ ክፍያ ፈጽሞ ለአምስት ዓመት የሚያገለግል መለያ ቁጥር ያገኛል። ከዚያ በኋላ ላፕቶፑንና ፈሳሹን ከቦርሳ ሳያወጣ፣ ቀበቶውንና ስስ ጃኬቱን ሳያወልቅ በአጭሩ ሰልፍ ያልፋል። ጫማ አለማውለቅም የፕሪቼክ ወግ ነበር፤ ከሐምሌ 2017 ዓ.ም. ወዲህ ግን እዚያ አገር ማንም ጫማ አያወልቅም። ማመልከት የሚችለው የአሜሪካ ዜጋና ባለ ግሪን ካርድ ነው።

ዕድሜያቸው 12 እና ከዚያ በታች የሆኑ ልጆች ከተመዘገበ ወላጅ ጋር ማለፍ ከቻሉ ቆይተዋል። ችግሩ የሚጀምረው ልጁ 13 ሲሞላው ነበር። ትናንት ከእናቱ ጎን ያለፈ ልጅ ዛሬ ብቻውን ረጅሙ ሰልፍ ላይ ይቀራል፤ አለዚያም እናቱ የከፈለችበትን መስመር ትታ አብራው ትሰለፋለች። በግንቦት 2015 ዓ.ም. ይህ ተለወጠ። አሁን ከ13 እስከ 17 ዓመት ያለ ታዳጊ፣ ሳይመዘገብና ሳይከፍል፣ ከተመዘገበ ወላጁ ወይም አሳዳጊው ጋር ያልፋል። ቅድመ ሁኔታው ሁለት ነው፦ ከወላጁ ጋር በአንድ ቡኪንግ መያዝ፣ የራሱ ቦርዲንግ ፓስ ላይም የፕሪቼክ ምልክት መታተም።

አበሻ ቤተሰብ የሚደናገረው እዚህ ላይ ነው። አባት አበበ ከበደ፣ እናት ሰናይት ታደሰ፣ ልጅ ሩት አበበ ይባሉ እንበል። አሜሪካ «የመጨረሻ ስም» በሚለው ሣጥን ውስጥ ሦስት ሰው ሦስት ስም ይዞ ይገባል። ከዚህ ተነስቶ ብዙ ወላጅ «ስማችን ስለማይገጥም ልጃችን ከኛ ጋር አታልፍም» ብሎ ተስፋ ይቆርጣል፤ አንዳንዱም የልጁን ስም እስከ መቀየር ያስባል። ከንቱ ድካም ነው። ደንቡ የቤተሰብ ስም አይጠይቅም። የሚጠይቀው ቲኬቱ ላይ የሚታተመውን፣ ስድስት ፊደልና ቁጥር ያለውን የቡኪንግ ኮድ ነው። ሩትና እናቷ በአንድ ኮድ ከተያዙ ታደሰና አበበ አለመገጣጠማቸው ለውጥ አያመጣም። በአንጻሩ አንድ ስም ያላቸው አባትና ልጅ በሁለት ኮድ ከተያዙ አንድ አውሮፕላን ላይ ጎን ለጎን ቢቀመጡም ደንቡ አይሠራላቸውም።

ኮዱ የሚከፈለው ደግሞ ሳይታወቅ ነው። እናት ትምህርት ሲዘጋ ከልጆቹ ጋር ቀድማ ትመጣለች፣ አባት ሐምሌ ላይ ይከተላል፤ ሲመለሱ አብረው ቢሆኑም የሱ ቲኬት ለብቻው ነው። ፕሪቼክ ያለው እሱ ብቻ ከሆነ ልጆቹ ቀሩ። አባት በሼባማይልስ ያጠራቀመውን ማይል አውጥቶ የራሱን ወንበር ሲያስይዝና የቀሩት በገንዘብ ሲገዙም እንዲሁ ነው። መገናኛ አንድ የቲኬት ቢሮ ውስጥ ተቀምጦ ያዳመጠ ሰው ወላጆች ስለ ዋጋ፣ ስለ ኪሎ፣ ስለ መስኮት ወንበር ሲከራከሩ ይሰማል። «ሁላችንም በአንድ ኮድ ያዝልን» የሚል ድምፅ ግን ብርቅ ነው።

ሌላው ግድየለሽነት የቁጥሩ ነው። የራሳቸውን መለያ ቁጥር የልጃቸው ስም ሥር የሚያስሞሉ ወላጆች አሉ። ቁጥሩ ከአንድ ሰው ስምና የልደት ቀን ጋር የተቆራኘ ስለሆነ በልጁ ስም አይሠራም፤ የታዳጊው ሣጥን ባዶ ይቀመጥ። የወላጁም ቢሆን ከሰነዱ ጋር በፊደል መግጠም አለበት፤ ሲመዘገብ ገብረማርያም ብሎ ሞልቶ ቲኬት ላይ በእዝባር ያሳጠረ ሰው ምልክቱ ባይታተምለት አይገረም። የልደት ቀንም ያው ነው። ሰኔ 10 የተወለደን ሰው «ጁን 10» ብሎ መጻፍ የተለመደ ነው፤ ትክክሉ ጁን 17 ነው። አንዱ ሰነድ ተሰልቶ ሌላው እንዳለ ከተገለበጠ አንድ ሰው ሁለት ልደት ይኖረዋል፤ ኮምፒዩተሩም ቁጥሩን ከሰውየው ጋር አያገናኘውም።

ይህ ሁሉ የሚሠራው አሜሪካ ነው። ቦሌ ላይ አጭር መስመር አለ ብሎ ስልኩን ለፈታሹ ያሳየ ጎረምሳ ያገኘው መልስ «ጫማ» የሚል ብቻ ነበር፤ ተርሚናሉ በር ላይ አንድ ጊዜ፣ ወደ ውስጥ ሲዘለቅ ደግሞ እንደገና መፈተሽ ግድ ነው። ጥቅሙ የሚታየው ዋሽንግተን ደለስ ወርደው ወደ አትላንታ ወይም ዴንቨር ለሚቀጥሉ ነው፤ ከረጅም በረራ በኋላ ጉምሩክ አልፈው፣ ሻንጣ መልሰው አስረክበው፣ ዳግም ፍተሻ ይገባሉ። ሰውነቱ ዝሎ እንቅልፍ የጣለው የ14 ዓመት ልጅ ከወላጁ ሳይነጠል ማለፉ ትልቅ ነገር ነው።

ፕሪቼክ የማያነሳው ክልከላም አለ። ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት በላስቲክ ጠርሙስ የተቀዳው ጠበል ከ100 ሚሊ ሊትር ከበለጠ በእጅ ሻንጣ አያልፍም፤ ማርና ለጋ ቅቤም ከፈሳሽ ይቆጠራሉ። ከሾላ ገበያ የተገዛው በርበሬና ሽሮ ደግሞ ሌላ ደንብ አለው፦ ከሰኔ 2010 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ አሜሪካ በሚበር አውሮፕላን የእጅ ሻንጣ ውስጥ ያለ ዱቄት 350 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም አንድ የቆርቆሮ ለስላሳ ያህል፣ ከደረሰ ተጨማሪ ፍተሻ ይጠብቀዋል፤ ምንነቱ ካልተለየም ወደ አውሮፕላኑ ካቢን አይገባም። የታዳጊው ቦርሳ ውስጥ በርበሬ ደብቆ መላክ ልጁን ማንገላታት ነው። በትልቁ ሻንጣ ይግባ።

ግሎባል ኤንትሪ ያላቸው ወላጆችም አይሳሳቱ። እሱ ከውጭ ሲገባ ኢሚግሬሽን ላይ የሚያገለግል ሲሆን የቤተሰብ ፈቃድ የለውም፤ ሕፃንም ቢሆን የራሱ አባልነት ያስፈልገዋል። ደግነቱ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ወዲህ ወላጁ አባል የሆነ ወይም አብሮ የሚያመለክት ከ18 ዓመት በታች ልጅ የማመልከቻ ክፍያ አይጠየቅም።

እንግዲህ ለዘንድሮ ክረምት ቲኬት የምታስቆርጡ ወላጆች፣ ገንዘቡን ከመክፈላችሁ በፊት ወኪሉን ሦስት ነገር ጠይቁት፦ ልጆቹ ፕሪቼክ ካለው ወላጅ ጋር በአንድ ኮድ ናቸው ወይ? የወላጁ ቁጥር ገብቷል ወይ? ስምና የልደት ቀን ከሰነዱ ጋር ገጥሟል ወይ? ቦርዲንግ ፓሱ ሲወጣም የልጁን ለብቻው እዩት፤ ምልክቱ ከሌለበት አጭሩ መስመር ላይ ያለው ሠራተኛ በልመና አያስገባውም። አዲስ አበባ ሳለ 18 የሚሞላው ልጅ ካላችሁ ደግሞ ሲመለስ የሚያልፈው በራሱ ምዝገባ ብቻ ስለሆነ፣ ከመምጣታችሁ በፊት አስመዝግቡት።