ስለ መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ሥርዓት

ዳግማዊ ምኒልክ በእንጦጦ ተራራ ላይ በከተሙበት ዘመን የንጉሥ ቃል በጸሐፊ ተጽፎ ማኅተም ታትሞበት ይወጣ ነበር። ዛሬ በዚያው ተራራ ግርጌ ለሚኖረው ለየካ ሰው የመንግሥት ቃል በድረ ገጽም ይደርሰዋል፤ ዳሩ ግን የድረ ገጹ ጸሐፊ ብዙ ሲሆን ባለማኅተሙ ማን እንደ ሆነ ያልታወቀ እንደ ሆነ ጉዳቱ የባለጉዳዩ ነው።

በ2013 ዓ.ም. ለሚ ኩራ ከየካና ከቦሌ ተከፍሎ ክፍለ ከተማ በሆነ ጊዜ የብዙ ሰው መገልገያ ቢሮ ተለወጠ። እንዲህ ባለ ጊዜ አሮጌውን ገጽ የሚያነሣ ሰው ካልተመደበ፥ ስለ ቤቱ ካርታ የተነሣ ሽማግሌ የታክሲ ከፍሎ፥ ወረፋ ጠብቆ፥ «እዚህ አይደለም» ተብሎ ይመለሳል።

አዋጅ ቁጥር 590/2000 የመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃውን ለሕዝብ እንዲያወጣ ያዛል። እንግዲህ ጉዳዩን የሚያውቀው ክፍል ይጻፍ፤ ሌላ ሰው ይረመው። የብራና ጸሐፊ እንኳ የገዛ እጁን ጽሕፈት ሲያነብ ግድፈቱን ያልፈዋል፥ ዓይኑ ያሰበውን እንጂ የጻፈውን አያይምና። ከዚያም አንድ ኃላፊ በስሙ ይፍቀደው፤ የሚመረመርበትም ቀን በግርጌው ይታይ። የተሻረው ገጽ ደግሞ የተሻረበት ቀን ተጽፎበት በመዝገብ ይቀመጥ እንጂ አይጥፋ፤ ባለጉዳይ በዚያ ጊዜ የተነገረውን ይዞ ይከራከራልና።